ዓረፋን ከሚሴ የዋለው እንግዳ

ነገ ዓረፋ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር ሙስዐብ ጥያቄውን ያመጣው።

ረቢአ ከሚሴ ውስጥ፣ በደሴው አስፋልት ዳር ባለ አንድ አነስተኛ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ሙስዐብ ደግሞ ጨፋ ሮቢት አጠገብ የውኃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ከሆቴሉ ከገባ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ባልደረቦቹ ለበዓሉ ወደየቤታቸው ሄደዋል። እሱ ቀርቷል። እስከዚያን ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

«እስከ እሑድ ሥራ የለም» አላት። «በዚህ ከተማ በበዓል ምን ይደረጋል? ምን የሚታይ ነገር አለ?»

ረቢአ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ሰው በከሚሴ ሲያልፍ እንጂ ከሚሴን ሊያይ ሲመጣ አላየችም። ትንሽ አሰበች።

«በዓል እኮ የሚታይ ነገር አይደለም» አለች። «ሰው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። እርስዎ አይሄዱም?»

ያለ ክፋት ነበር የተናገረችው። እሱ ግን ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። አንድ የጭነት መኪና እየተጎተተ እስኪያልፍ በዓይኑ ተከተለው።

«ቤተሰብ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «እናቴም አባቴም ሞተዋል።»

ረቢአ ማታ ቤቷ ገብታ ይህን ለእናቷ ለዙቤይዳ ስትነግር ፊቷ ገና እንደቀላ ነበር። ዙቤይዳ የምታጥበውን ድስት አስቀመጠች።

«የቲም ሰው ዓረፋን ሆቴል ክፍል ውስጥ ሊውል? ነገ ከሶላት በኋላ ይዘሽው ነይ። ይሉኝታ ከያዘው እናቴ ናት የጠራችህ በይው።»

ዓርብ ጠዋት ከኢድ ሶላት በኋላ ሙስዐብ መጣ። የረቢአ አባት ዓብዱልመጂድ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፉ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። እንግዳውን ከጎናቸው አስቀመጡት።

«የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የጅማ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አባትህ ማን ይባላሉ?»

«ናስር ይባላል» አለና ወዲያው «ይባል ነበር» ሲል አረመ።

ዓብዱልመጂድ መዳፋቸውን ዘረጉ። ለናስር ቀብሩ ሰፊ፣ መኝታው ብርሃን እንዲሆንለት ለመኑ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። የሙስዐብ እጆች ከሁሉም ዘግይተው ተዘረጉ፤ ረቢአ ሐዘን መሰላት። ዙቤይዳ ከጥብሱ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጠች ወደ እሱ ታስጠጋለች። የረቢአ ታናሽ እህት ዓፊያ በጅማ ኦሮምኛው ትስቃለች፤ እሱም በከሚሴው ይስቃል። ከዚያ ጎረቤት ጠራቸው፤ ከጎረቤትም ሌላ ጎረቤት። አመሻሽ ላይ ሙስዐብ ስድስት ቤት በልቶ፣ የስድስት ቤት ልጆች ስም ያውቅ ነበር።

«ምን ይደረጋል ብለው ጠይቀውኝ ነበር» አለችው ረቢአ ሲለያዩ። «ይኸው፣ የሚደረገው ይሄ ነው።»

«ነገስ?» አላት።

ቅዳሜ ረቢአና ዓፊያ ለበዓሉ ከታረደው የኡድሒያ ሥጋ የአክስታቸውን ድርሻ ይዘው ወደ ጨፋ ሮቢት ሲሄዱ እሱም አብሯቸው ሄደ። ሥጋውን አድርሰው ሲመለሱ በቦርከና ወንዝ ዳር ወረዱ። ከብቶች ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ፤ ነጫጭ ወፎች ከኋላ ከኋላቸው ይራመዳሉ። ዓፊያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ቀረበች። ሁለቱ ከአንድ የግራር ጥላ ሥር ቆሙ።

የሚቆፍሩበትን ቦታ በጣቱ አሳያት።

«ውኃው ከመገኘቱ በፊት አፈሩ ቀለሙን ይለውጣል» አላት። «ያን ቀን ማንም አያወራም። ሁላችንም ዝም ብለን የሚወጣውን አፈር እናያለን።»

«ካልተገኘስ?»

«ያኔም ዝም እንላለን።»

ረቢአ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ተወችው። እያያት ነበር። ዓይኗን ልትሰብር አሰበችና አልሰበረችም።

«እናትህ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበርክ?» አለችው። «አንተ» ያለችው ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ሁለቱም አውቀዋል።

«ነበርኩ። ብቻዬን።»

«አባትህስ?»

«እሱ ቀድሞ ነው የሄደው» አለና ወደ ውኃው ዞረ። ዝምታው አልከበዳትም። ያን ሌሊት፣ ካገባች ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መሆን እንዳለበት እያሰበች ተኛች።

እሑድ ከዓፊያ ጋር ሰንበቴ ገበያ ሊወስዱት ተቀጣጥረዋል። ረቢአ ረፋዱ ላይ ተተኪዋን እየጠበቀች ሳለ የሆቴሉ ስልክ ጮኸ። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ቁጥሩን ከሥራ ጓደኛው ተቀብዬ ነው። ሙስዐብ የሚባል እንግዳ አላችሁ?»

«አለ። ማን ልበል?»

«አባቱ ነኝ። ናስር እባላለሁ።»

ረቢአ ወደ ደረጃው ዞረች።

«እንዳትጠሪው» አሉ ሰውየው። «የኔን ስልክ ካነሣ ሦስት ዓመቱ ነው። ደህና መሆኑን ብቻ ንገሪኝ። ዓረፋን የሚያበላው ሰው አግኝቷል?»

«ደህና ነው» አለች። «በልቷል፣ አባባ።»

ሰውየው መርቀዋት ስልኩን ዘጉ።

ሙስዐብ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከደረጃው ሲወርድ ፊቷን አይቶ ቆመ።

«አባትህ ደውለው ነበር።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወለሉን እያየ ነገራት። እናቱ በጠና ታማ በተኛች ጊዜ አባቱ ሌላ ሚስት አገባ። እናቱን ያስታመማትም፣ ቀብሯንም ያስፈጸመው ሙስዐብ ነው። ከቀብሩ ማግስት ከቤት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

«ለኔ ሞቷል» አለ።

«ይገባኛል» አለች ረቢአ። «መቆጣትህም ይገባኛል። ግን የኔ አባት እጁን ዘርግቶ ቀብሩን አስፋለት አለ፤ አንተም አሚን ብለሃል። እናቴ የቲም ነው ብላ ነው ያጎረሰችህ። እኔም ትናንት አምኜህ ነው አጠገብህ የቆምኩት።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። ቤታችንን ታውቀዋለህ።»

ሰንበቴ ሳይኬድ ቀረ፤ ረቢአም እስከ ማታ ሆቴሉ ቆየች። ቤት የሆነውን ማታ ዓፊያ ነገረቻት። ሙስዐብ እነሱ ቤት ሄዶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ዙቤይዳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ዱዓ ለሞተም ለቆመም ነው፤ አልባከነም» አሉ ዓብዱልመጂድ። «እኔን ያስከፋኝ ሌላ ነው። ከልጆቼ አንዷ አንድ ቀን ለባዳ ሰው አባቴ ሞቷል ብትል ብዬ አሰብኩና ከበደኝ። አጥፍተው ይሆናል አባትህ፤ ያን ለራሳቸው ንገራቸው። የኔን ይቅርታ ግን ይዘኸው ሂድ።»

ሰኞ ማለዳ ሙስዐብ ቁልፉን መለሰላት።

«ጅማ ልሄድ ነው። ምን እንደምለው አላውቅም» አላት።

ቅር ቢለኝም ሂድ፣ ግን ተመለስ ልትለው ፈለገች። ከአፏ የወጣው «አላህ መንገድህን ያቅናው» የሚለው ብቻ ነበር።

ባልደረቦቹ ተመለሱ፤ ክፍሉን ሌላ ሰው ያዘው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጨፋ ሮቢት ውኃ መገኘቱን ከእነሱ ሰማች። እሱ ግን የደወለው አንዴ ብቻ ነው።

«አባቴ ቤት ነኝ። እርሻ አብረን እንውላለን። ገና አልተነጋገርንም» አላት።

ረቢአ ጨክኜበት ይሆን እያለች ብዙ ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። እናቷ አንዳንዴ «ያ ልጅ ድምፁ ጠፋ?» ትላለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ሦስት ሰዎች ከሚኒባስ ወርደው ወደ ሆቴሉ ገቡ። ፊት ፊት የሚመሩት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ቀጥሎ አንድ ጥምጣም የጠመጠሙ ሌላ አዛውንት፤ ከኋላ ሙስዐብ፣ የሁለቱንም ሻንጣ ተሸክሞ። ከስቷል።

«ረቢአ አንቺ ነሽ?» አሉ ባለከዘራው። ድምፁን አወቀችው።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሁለት ክፍል ስጪን።»

«ስንት ቀን ትቆያላችሁ?»

«እሱ በአባትሽ እጅ ነው» አሉ ናስር። «በቁሜ ዱዓ ያደረጉልኝን ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ከዚያ ደግሞ የምጠይቃቸው ነገር አለ።»

ረቢአ ወደ ሙስዐብ ተመለከተች። እሱም አያት፤ አባቱ አጠገቡ ቆመው ሳለ ዓይኑን አልሰበረም። ቁልፎቹን ስትሰጥ አንዱ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ያነሣው እሱ ነው።

ወደ ክፍላቸው ሲወጡ ቤት ደወለች።

«እማ፣ ማታ እንግዶች ይመጣሉ።»

«የማን እንግዶች?»

«የሙስዐብ አባት። ከሽማግሌ ጋር።»

ከዚያ ረቢአ የእናቷን ጥሪ በስልኩ ውስጥ ሰማች።

«ዓፊያ፣ ሩጪና አባትሽን ከሱቅ ጥሪው። የስፌት መኪናውን ይዝጋ በይው፤ ዛሬ አይሰፋም።»