ቦራ የገደለው ሰው

መካኒሳ አቦ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ በር ላይ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። ወደ በሩ የተጠጋ ግን የለም። እናቶች ልጆቻቸውን ቤት ቆልፈው ነው የመጡት። ውሻ ሰው ገደለ ሲባል ወሬው እንዴት እንደሚያብጥ መቼም ታውቃላችሁ፤ አንዱ «ውሾቹ ሦስት ናቸው» ይላል፣ ሌላው «አብዷል» ይላል፣ አንዷ ደግሞ አጥሩን ዘሎ ወደ ላፍቶ ሲሮጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብላ ትምላለች። ውሻው ግን የትም አልሄደም። ከቤቱ ጀርባ ባለው የሽቦ ማደሪያ ውስጥ፣ ከሞተው ሰው አጠገብ ተኝቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ባየች ቁጥር ትነጫነጫለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንት ሬሳ ስታገላብጥ እጇ ያልተንቀጠቀጠ ሴት፣ ውሻ ትፈራለች ቢባል የሚያምን የለም፤ ግን ትፈራለች። ረዳቷ ሳጅን ነገሪ እንኳን ይህን አያውቅም።

«ሟቹ ማነው?» አለች።

«ራጉኤል ይባላል። እዚህ ግቢ ውስጥ ያለው 'ባለጭራ' የሚባለው የዩቲዩብ ሚዲያ መሥራች ነው። የተጣሉ ውሾች፣ የተጎዱ አህዮች ሲያድኑ እየቀረጹ የሚለቁት።»

«ባለቤቴ ሲያይ ያለቅሳል። ያገኘውስ?»

«ጥበቃው፣ አቶ ዋቅቶላ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ለውሻው ምግብ ይዘው ሲመጡ ነው ያዩት። ውሻውን የወረዳ ሰዎች ስድስት ሰዓት ላይ ሊገድሉት ነው። ወረቀቱ ተፈርሞ መጥቷል።»

«ገና ሳይጣራ?»

«ምኑ ይጣራል ኢንስፔክተር? አፉን አይታችሁ ፍረዱ ነው እኮ።»

እውነትም ውሻው፣ ቦራ፣ ፊቱ ነጭ ነው፤ አፉ ዙሪያውን ግን ቀልቷል።

አቶ ዋቅቶላ ማደሪያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳውን ያለፉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አያለቅሱም።

«ስድስት ዓመቱ ነው» አሉ ሳይጠየቁ። «ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ ተጥሎ ነው ያገኘሁት። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም። ጥፋት ካለ እኔን ውሰዱኝ፤ እሱን ግን አትግደሉብኝ።»

«ማታ የት ነበሩ?»

«የሚዲያው ልጆች አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጡ። ራጉኤል ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። አሥራ ሁለት ሲሆን ያ ዝናብ መጣ፤ ከጥበቃ ቤቴ አልወጣሁም። ቦራ ሲያላዝን ሰምቻለሁ። ነጎድጓድ ፈርቶ ነው አልኩ። ሄጄ ባየው ምን ነበረበት።»

ቦራን ጠርተው ወደ ማደሪያው ኋለኛ ክፍል አስገቡት። ማደሪያው በጣውላ መዝጊያ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ለማጽዳት እንዲመች መዝጊያው ከውጭ በገመድ ይነሳል፣ በገመድ ይወርዳል። ተናኘወርቅ ጣውላው ሲወርድ አይታ፣ ገመዱ መታሰሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጣ ነው የገባችው። ቦራ ከጣውላው ጀርባ አጉረመረመ። እሷ ግን አጎነበሰች።

ራጉኤል በጀርባው ተንጋሏል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቷል፤ አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ግን ደም የለም። ቀኝ ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ እጅጌው ተቦጫጭቋል እንጂ አልደማም። ከፊቱ እስከ ጉልበቱ በቀይ ጭቃ ተለውሷል። አንድ ጉንጩ ብቻ ንጹሕ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ አልነካውም፤ ወለሉ ግን ከውጭ በገባው ውሃ ጨቅይቶ ጫማዋን ይዞ አልለቅ አላት። የሟቹን ጫማ ሶል አየች። ጭቃ የሚባል አልነካውም።

ወጥታ አቶ ዋቅቶላን ቦራን ወደ ሽቦው እንዲያቀርቡት ጠየቀች። ከሩቅ እጇን ዘርግታ በሶፍት አፉን ጠረገችና ሶፍቱን አሸተተች። ከዚያ ለነገሪ ሰጠችው።

«ምን ይሸታል?»

ነገሪ ግራ ተጋብቶ አያት። «ዘይት።»

ስቱዲዮው የቤቱ ሳሎን ነው። ከኋላ ወደ ማደሪያውና ወደ ጠባብ መንገድ የሚያወጣ በር አለው፤ ሦስቱም የሚዲያው ሠራተኞች ቁልፉ አላቸው። ጥግ ላይ ሰማያዊ ባልዲ፣ ከበሩ ኋላ የታጠፈ ሸራ አለ። ተናኘወርቅ ሸራውን ዘርግታ በአንድ በኩል ቀይ፣ በሌላ በኩል ጥቁር መሆኑን አየች። ቀዩን ወገን ወደ መስኮቱ አዙራ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ነገሪን ፎቶ አንሣው አለችና ካሜራማኑን አስጠራች።

ሚኪ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጥፍሩን እየበላ ገባ።

«ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ጭቃ ነው።»

«ጭቃማ ደጅ ሞልቶልሃል።»

«የሰፈሩ አፈር ጥቁር ነው፤ ካሜራ ላይ አይታይም፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። ቀይ አፈር አስመጥተን በምግብ ዘይት እናቦካዋለን።» አንገቱን ደፋ። «ውሻው እንደታጠበ መጀመሪያ 'ከዳነ በኋላ' የምንለውን እንቀርጻለን። ከዚያ ጭቃ ቀብተን 'ስናገኘው እንዲህ ነበር' እንላለን። ቀድመን ካቆሸሽነው አጥበን እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለዚህ ነው ኋላውን የምናስቀድመው።»

«ማነው የሚቀባው?»

«ማንም፤ እጁ ባዶ የሆነ ሰው።»

«ራጉኤል ይህን ያውቅ ነበር?»

«የጀመረው እሱ ነው። አሁን ግን አንገሸገሸው። እሁድ ላይቭ ገብቼ ውሸታችንን እናገራለሁ አለ። ፈራን፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሁላችንም ፈራን። ኮሜንት ላይ የሚመጣውን ሰው አያውቁትም። የእናቴን ቤት ሁሉ ፈልጎ ያገኛል።»

«ቦራን ትፈራዋለህ?»

«እስከ ትናንት አልፈራውም ነበር። በየቀኑ እየገባሁ እቀርጸው ነበር። አሁን ግን ሳየው ያንቀጠቅጠኛል።»

ሪሐና የእንስሳት ሐኪም ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀመጠች፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብላ መፍራቷን ራሷ ተናገረች።

«ሠርቻለሁ፤ አልክድም። ቀረጻ ሲኖር ቦራን ማስታገሻ እወጋው ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ እንዲለው።»

«ሁልጊዜ?»

«ኧረ አይደለም። ቲና ስታቅፈው ብቻ። ውሻው እንዳይረበሽ ነው ይለኝ ነበር ራጉኤል።»

«መርፌ ይዘሽ ብቻሽን ስትገቢ አይነክስሽም?»

ሪሐና በእንባዋ መሀል ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «ቦራ? ገና ሲያየኝ ሆዱን ገልብጦ ይተኛልኛል።»

ቲናን የማያውቃት የለም፤ የ'ባለጭራ' ፊት እሷ ናት። ግድግዳውን የሞላው ፎቶ ላይ ቦራን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ፈገግ ብላለች። ውሻው ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል።

«እኔ እሞትልሃለሁ ነው የምለው ለቦራ» አለች። «ልጄ ማለት ነው። እንዴት እንዲህ ያደርጋል?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ይገደላል። አትሰናበቺውም?»

«አልችልም፤ ልቤ አይችልም።»

«ማታስ?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። ብስራተ ገብርኤል ነው የምኖረው።»

«አብሮሽ የነበረ ሰው አለ?»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

ተናኘወርቅ ሌላ አልጠየቀቻትም።

ሬሳው ለምርመራ ከተነሣ በኋላ፣ አምስት ተኩል ላይ ከወረዳ የተላኩት ሁለት ሰዎች ግቢው ገብተው ቆሙ። አንዱ ረጅም እጀታ ያለው ማነቆ ይዟል። አቶ ዋቅቶላ ከመሬት ተነሥተው የማደሪያውን በር በጀርባቸው ሸፈኑ።

«ግማሽ ሰዓት አለኝ» አለች ተናኘወርቅ። ሚኪን፣ ሪሐናንና ቲናን በማደሪያው ፊት አሰለፈቻቸው። ቦራ ከሽቦው ኋላ ተነሥቶ ሲያያቸው ሦስቱም ወደ ኋላ አሉ።

«ትፈራላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። አፉ ላይ ያለውን ደም ነው ብላችኋል። ሶፍት ላይ ጠርጌ አሸተትኩት፤ የእናንተው የባልዲ ጭቃ ነው። የሟቹ አንድ ጉንጭ ንጹሕ የሆነው ውሻው ልሶት ነው። ክንዱን ነክሶ ጎትቶታል፤ ቁስሉ ግን አልደማም፤ የሞተ ሰው አይደማም። ቦራ ሊቀሰቅሰው ነበር የሞከረው።»

አቶ ዋቅቶላ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ሶሉ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ በእግሩ አልገባም። ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተመታው። በሸራ ተጎትቶ መጣ፤ ለዚህ ነው የሸራው ሥሩ ጥቁር፣ ላዩ ቀይ የሆነው። ከዝናቡ ጩኸት የተነሣ አቶ ዋቅቶላ አልሰሙም። ገዳዩ ጣውላውን በገመድ አውርዶ፣ ሬሳውን አስገብቶ፣ ከወጣ በኋላ ጣውላውን አነሣ። እስከዚህ ድረስ ሦስታችሁም ትችላላችሁ።»

«ታዲያ?» አለ ሚኪ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ታዲያማ ገዳዩ፣ ውሻ በጣለው ሰው ላይ ጭቃ መኖር እንዳለበት አሰበ። እዚህ ወለል ላይ ጭቃ ሞልቷል፤ ሰውየውን አንዴ ማንከባለል ይበቃው ነበር። ለምን ስቱዲዮ ውስጥ ከባልዲ ቀባው? እዚህ ገብቶ ማጎንበስ ስለፈራ ነው። ከጣውላው ኋላ ቦራ ሲያጉረመርም መሬት ላይ መንበርከክ አልቻለም። ቀረጻ ላይ እንደለመደው ቀባብቶ አምጥቶ ወርውሮ ሮጠ። ሚኪ በየቀኑ ይገባል። ሪሐና መርፌ ይዛ ትገባለች። አቶ ዋቅቶላ አሳድገውታል። ትናንት ማታ ቦራን የሚፈራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ውሻው ካልተወጋ በስተቀር የማይነካው።»

ቲና ወደ ስቱዲዮው ጠቆመች። «ፎቶውን አላዩም? ስንት ጊዜ አቅፌዋለሁ።»

«የተኛ ውሻ ነው ያቀፍሽው። ልጄ፣ እኔም ውሻ እፈራለሁ። ዛሬ ከእኔ በላይ የፈራ ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።»

ነገሪ ዘወር ብሎ አለቃውን አያት።

«ፈርተሻል ማለት ገድለሻል ማለት አይደለም» አለች ተናኘወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን ዘይት ያለበት ጭቃ አይደርቅም። ሸራው ላይ አምስት ጣት እንደ ሰም ታትሞ ቀርቷል። ሸራው ስቱዲዮ ነው ያለው፤ ከፈለግሽ አሁን ሄደን እጅሽን እናስተያየው።»

ቲና እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«በሰባት ዓመቴ ውሻ ነክሶኛል» አለች። «ሆዴ ላይ አሥራ አራት መርፌ ተወጋሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ራጉኤል ብቻ ደረሰበት። ማታ ደውሎ በኋላው በር ግቢ አለኝ። እሁድ ላይቭ ላይ ቦራ ሳይወጋ ትገቢያለሽ፣ ሰው አንድ እውነት ይይ አለ። አልችልም አልኩት፣ ለመንኩት። ትለምጂዋለሽ ብሎ እጄን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። የመብራቱን ማቆሚያ አነሣሁ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የባሰ ፈራሁ።»

ሪሐና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ነገሪ ቲናን ክንዷን ይዞ አስነሣት። በማደሪያው አጠገብ ሲያልፉ ቦራ ጅራቱን አወዛወዘ፤ የሚያውቃት ሰው ናትና። እሷ ግን ሳጅኑ ላይ ተለጠፈች።

ተናኘወርቅ የግድያ ትእዛዙን ከወረዳው ሰው እጅ ተቀበለች። «ይህን አለቃህ ጋ ራሴ እወስደዋለሁ። ማነቆህን መኪና ውስጥ ክተት» አለችው። ሰውየው አልተከራከረም፤ እንዲያውም ቀለል ያለው መሰለ።

አቶ ዋቅቶላ ጣውላውን በገመድ አንሥተው የማደሪያውን መቀርቀሪያ ያዙ። ሚኪ በልማድ ስልኩን አውጥቶ ወደ በሩ አነጣጠረ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት።

«ይቅር ልጄ» አሉት። «ይህን አትቅረጸው።»

ሚኪ ስልኩን አወረደ። በሩ ተከፈተ፤ ቦራ ግን ቶሎ አልወጣም፤ ደጁን የሞላውን ሰው እያየ ቆመ። አቶ ዋቅቶላ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ስሙን ቀስ ብለው እየጠሩ ጠበቁት።