በምድር ቤት የጠቆረ መነጽር

ሰዓት ሠሪው በሥራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። ሌንሱ ከሰል መስሏል።

መርማሪዋ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጣቢያ ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ ሦስት ደቂቃም አልፈጀባትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ምድር ቤቱ ግን መስኮት የለውም። ቀዝቃዛ ነው። አንዲት ደካማ አምፖል ከጣሪያው ተንጠልጥላለች።

በሩ ላይ የሟቹ ልጅ ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ መመለሷ ነው።

«ዓይኑ! የአባዬ ዓይን የለም!» ትላለች ደጋግማ።

መርማሪዋ አንገቱን ዳሰሰች። ቀዝቅዟል። ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስል ደሙ ረግቷል። ከሞተ ቆይቷል ማለት ነው።

ቀና ስትል ክው አለች።

ሌንሱ እየሳሳ ነው። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ። ግራጫው ጭስ መሰለ። ከዚያ ከጭሱ ውስጥ ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች ቀስ ብለው ወጡና አፈጠጡባት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ ሬሳ ሲያያት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ፈሪ አይደለችም። ግን ፈራች፤ ምን ይደረግ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ግድግዳውን እየተደገፈ ደረጃውን ወረደ። ታክሲ ነጂ ነው፤ እዚሁ ቤት ይኖራል።

«ከምሳ በኋላ ወንድምዎን አይተዋል?»

«ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከዚህ ወንበር አልተነሣም። እኔ ላይ ቤት ተኝቼ ነበር።»

የግቢው በር ልጅቷ መጥታ እስክትከፍተው ድረስ በቁልፍ ተዘግቶ ነበር። ቁልፉ ያለው በልጅቷና በአጎቷ እጅ ብቻ ነው። ጎረቤቶች ደግሞ ነገሩን አከፉት፤ ጠዋት አባትና ልጅ ሲጯጯሁ ሰምተዋል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት መርማሪዋ ልጅቷን።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«የቤተሰብ ጉዳይ ሰው አስገደለ እኮ፣ እህቴ!»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ዝምታ ለበግም አልበጃት ይባላል፤ ለእሷም አልበጃትም። ወደ ጣቢያ ተወሰደች።

መርማሪዋ ግን ልቧ አልቆረጠም። መነጽሩን ይዛ ጥግ ላይ ወዳለው መነጽር ቤት ሄደች። ባለሙያዋ ሴትዮ መነጽሩን ገና ስታየው አወቀችው። ከሱቋ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ዓይናቸው እያየ ጠቆረ።

«ሌንሱ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ሲያጣው ይነጣል» አለች። «ለመጥቆር አፍታ ነው። ለመንጣት ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ብርድ ካለ ደግሞ ይብስበታል።»

«አምፖል አያጠቁረውም?»

«የምድር ቤት አምፖል? ወር ቢበራበትም!»

መርማሪዋ ነገሩን ገጣጠመችው። ሬሳው ቀዝቅዞ ሳለ መነጽሩ ገና ከፀሐይ መምጣቱ ነበር። አንድ ሰው አምጥቶ ለሞተ ሰው ዓይኑ ላይ አድርጎለታል፤ እሷ ከመድረሷ ከደቂቃዎች በፊት።

«ለእኔስ ይስማማኛል?» አለች ፍርሃቷን ለመሸሽ ያህል።

«አንቺ ወጣ ገባ ባይ ነሽ፣ ግሩም ነው። ለሾፌር ነው የማይሆን። የመኪናው መስተዋት ጨረሩን ስለሚያስቀረው ውስጥ ሆኖ ብዙም አይጠቁርም። የሰዓት ሠሪውን ወንድምም ይኸንኑ ብዬ ነበር የመለስኩት። ብርሃን ወጋኝ ብሎ መጣ። ስመለከተው ግን…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የመነጽር ነገር አይደለም። ዓይኑ እየሄደ ነው። ደብዘዝ ያለ ቦታማ ጨርሶ አያይም። ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ መሪ አትያዝ አልኩት። ሲያንገራግር ለታላቅ ወንድሙ ነገርኩ።»

መርማሪዋ ወደ ቤቱ ጓሮ በረረች። ፀሐይ በሞላበት ግድግዳ ሥር አንድ ወንበር አለ። አጠገቡ ያለው የድንጋይ ደረጃ ታጥቧል፤ ስንጥቁ ውስጥ ውኃው ገና አልደረቀም።

ጣቢያ ተመልሳ ልጅቷ ፊት ተቀመጠች።

«አባትሽ የአጎትሽን መንጃ ፈቃድ ሊያስነጥቅ ነበር፣ አይደል?»

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «ስለ እሱ ነበር አባዬን የለመንኩት። የጋሼን እንጀራ አትዝጋ አልኩት። ሰው ከሚገድል ይራብ ብሎ ጮኸብኝ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ከተናገርኩ ሥራውን ያጣል! እሱ ነው ትከሻው ላይ አዝሎ ያሳደገኝ።»

አጎትየው ተጠርቶ መጣ። መርማሪዋ የክፍሉን መጋረጃ ሆን ብላ ዘጋችው፤ ክፍሉ ደበዘዘ። ልጅቷን ከኋላው በሩ አጠገብ አቆመቻት። ከፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ የፖሊስ ካፖርት ተሰቅሏል።

«ፀሐይ ላይ የነበረውን መነጽር ማን አወረደው?»

ሰውዬው አቀረቀረ።

«የመነጽር ባለሙያዋ ነግራኛለች። የታጠበውንም ደረጃ አይቻለሁ።»

ሰውዬው ትከሻው ወደቀ። «ነገ ሄጄ እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነበር፤ ድንጋዩ ነው…» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሥራ ላይ እያለ ድንገት የሞተ ይምሰል ብዬ ተሸክሜ አወረድኩት። ቆይቼ ደሙን ሳጥብ ነው መነጽሩን ያገኘሁት። ያለ መነጽር ሰዓት እንደማይፈታ ልጅቷ ታውቃለች። ወስጄ አደረግሁለት።»

«ሌንሱ ጥቁር እንደሆነ አላዩም? እሷ ከበሩ ላይ ሆና አይታዋለች።»

«እዚያ ታች ለእኔ ሁሉም ነገር ጥቁር ነው።»

«ይኸው እዚህ ቆማለች። እሷ ስትታሰር ዝም አሉ። እሷ ግን የታሰረችው የእርስዎን ምስጢር ስትጠብቅ ነው። ጠዋት አባቷን የተጣላችው ስለ እርስዎ ነው።»

ሰውዬው ብድግ አለ። አንድ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከ።

«የወንድሜ ልጅ፣ ይቅር በይኝ። እናቴ፣ ይቅር በይኝ።»

የሚለምነው ካፖርቱን ነበር። እጅጌውን ጨብጦ ያለቅሳል። 

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ከኋላው። «እዚህ ነኝ።»

ድምፅዋን ተከትሎ ዞረና እጁን ዘረጋ።

አልያዘችለትም።