ለሳቅ የተሰጠ ስም

ተጠጉ። ሻማዋ ትንሽ ናት፣ ለሁላችንም አትበቃም፣ ስለዚህ ተጠጉ። በሩ ተዘግቷል? ደግማችሁ እዩት። ስልኩን የሚነካካ ካለ ይተው፤ መብራቱ እስኪመጣ እኔን ብቻ ነው የምትሰሙት።

ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር። መሽቷል። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበት ቦታ፣ አንድ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ቤት የለበትም። ውሻ እንኳ የለበትም። በዚያ መንገድ ሁለት ወንዶች ይሄዳሉ። አንደኛው ምንይችል ይባላል። ሁለተኛው ሱራፌል ይባላል። የት ከተማ ነው አትበሉኝ፣ አልነግራችሁም።

ምንይችል በሚቀጥለው እሑድ ሙሽራ ነው። ሱራፌል አንደኛ ሚዜው ነው። ሚዜ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለእናንተ ሚዜ ማለት ሱፍ ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ነው። ድሮ ግን ወንድም ነበር። እነዚህ ሁለቱ እንደ ድሮዎቹ ነበሩ። አብረው አደጉ፣ አብረው ተማሩ፣ አንዱ ከሌለ ሌላው ምሳ አይበላም።

አንድ ጊዜ ምንይችል ክፉኛ ታመመ። አይተርፍም ተባለ። ያን ጊዜ ሱራፌልን አስጠግቶ የክርስትና ስሙን በጆሮው ነገረው። «ወልደ ሰማዕት ነኝ። ብሞት በዚህ ስም ፍትሐት አስፈታልኝ» አለው። እናንተ የክርስትና ስማችሁን ለአገር ሁሉ ትዘረግፋላችሁ። የዚያ ሰፈር ሰው ግን ይደብቅ ነበር። እናት ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባት ያውቁታል፣ በቃ። ለምን? ነፍስህ የምትታወቀው በዚያ ስም ነዋ! ክፉ ነገርም ሊይዝህ ሲፈልግ የሚፈልገው ያንኑ ስም ነው።

ምንይችል ዳነ። ስሙ ግን ሱራፌል ዘንድ ቀረ።

ታዲያ ያን ምሽት ወዴት ነው የሚሄዱት? ወደ መዝናኛ ፓርኩ። የፓርኩ ባለቤት ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው ነው። ፈረንጆቹ ሃሎዊን የሚሉት ቀን አላቸው፤ ጭምብል አጥልቀው ሲያስፈራሩ ያመሻሉ። እሱም ያንን አምጥቶ እዚህ ተከለው። ግቢው ውስጥ የቆየ የእህል መጋዘን ነበር። መጋዘኑን በኮምፔንሳቶ ከፋፍሎ፣ ጠመዝማዛ አድርጎ፣ በሩ ላይ «የፍርሃት ቤት» ብሎ ጻፈበት። ውስጡ ጭስ ነው፣ የላስቲክ አጽም ነው፣ የተቀዳ ጩኸት ነው። ጎረምሶች ጆንያ ለብሰው፣ ፊታቸውን ዱቄት ተቀብተው ከየጥጉ ይዘላሉ። አይነኩህም። መንካት ክልክል ነው።

መጋዘኑ ባዶ ነበር ወይ? አትጠይቁኝም? አልነበረም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከመሸ በኋላ በዚያ ሲያልፉ በስም አይጠራሩም ነበር። ግን ማን ጠየቃቸው?

በሩ ላይ ሲደርሱ ሱራፌል «አንተ ቅደም፣ እኔ ሽንት ቤት ደርሼ እከተልሃለሁ» አለ። ምንይችል አመነው። ለምን አያምነውም? ገባ።

የመጀመሪያው ጥግ ላይ አጽሙ ወረደበት። ሳቀ። ሁለተኛው ጥግ ላይ አንዱ ጆንያ ለባሽ ዘለለበት። ደነገጠ፣ ደግሞ ሳቀ። ሦስተኛው ጥግ ጨለማ ነው። እጁን ዘርግቶ እየዳሰሰ ሲሄድ፣ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ አንድ ሰው «ወልደ ሰማዕት» አለ።

ወደ ድምፁ ዞረ። እናንተ ብትሆኑስ? ያንን ስም የሚያውቅ ማን ነው? እናቱ ቤቷ ናት። የንስሐ አባቱ ደብር ናቸው። ማን ቀረ?

«ሱራፌል!» ብሎ ጮኸ።

ሳቅ ፈነዳ። የሱራፌል ሳቅ ነው። ጎረምሶቹም አብረው ሳቁ። ስሙን ሰጥቷቸው! ሊሞት ሲል አደራ ያለውን ስም፣ ለሳቅ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ? እኔ እንኳ በነገርኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ነገሩ ጎረምሶቹን ጣማቸው። «ወልደ ሰማዕት! ወልደ ሰማዕት!» እያሉ ተቀባበሉት። ከግራ ይጠሩታል። ከቀኝ ይጠሩታል። በመጨረሻ ደከማቸውና ተዉት። ሳቁም ቆመ።

ከጣሪያው ሥር ግን አንድ ድምፅ ቀረ። «ወልደ ሰማዕት» አለ። ቀስ ብሎ ነው፣ እንደሚለማመድ ሰው። ከጎረምሶቹ አንዱ «ማነው እሱ?» ሲል ጠየቀ። ድምፁ ደገመው። አሁን ቀረብ ብሏል።

ምንይችል እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ደጅ ላይ ሱራፌል ሊያቅፈው መጣ። «ቀልድ ነው እኮ ወንድሜ! ምን ሆነሃል?»

ምንይችል ገፈተረው። «ነፍሴን ነው አደራ የሰጠሁህ፤ አንተ የጎረምሳ መጫወቻ አደረግካት። ሚዜዬ አይደለህም። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!» አለው። ከዚያ በዚያ መንገድ ብቻውን ተመለሰ። ብቻውን አልኩ? ከኋላው ስሙን የሚጠራ ነበር።

በማግስቱ ለንስሐ አባቱ ለመምሬ ይትባረክ ነገራቸው። መምሬ አዘኑ። «ልጄ፣ ይህ ነገር የሚያውቀው የሰማውን ስም ብቻ ነው። የሰማውን ድምፅ ደግሞ ይዋሳል። ጠበል ተጠመቅ። ጠበልህን እስክትጨርስ፣ ከመሸ በኋላ ማንም ቢጠራህ አቤት እንዳትል። አቤት ካልክ ወሰደህ። በርም አትክፈት» አሉት።

ድምፁ በየሌሊቱ መጣ። መጀመሪያ ከአጥር ውጭ ጠራው። ቀጥሎ ከግቢው ውስጥ ጠራው። ከዚያ ከበሩ ሥር ጠራው። ሁልጊዜ ያንኑ ስም ነው፣ ሌላ አያውቅም። ምንይችል ትራሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም ይላል።

ሱራፌልስ? ጸጸት በላው። ሽማግሌ ላከ፣ ምንይችል መለሳቸው። ሌላ ሽማግሌ ላከ፣ መለሳቸው። የሠርጉ ዋዜማ ሲመሽ ሱራፌል እንደ አባቶቹ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ።

«ምንይችል! ምንይችል፣ ክፈትልኝ! ድንጋይ ተሸክሜ ነው የመጣሁት። አጥፍቻለሁ፣ ማረኝ!»

ከውስጥ ዝም።

«ምንይችል፣ ስለ እመብርሃን! ግቢህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ክፈትልኝ!»

ዝም።

ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ «ሱራፌል» የሚል ድምፅ መጣ። የማን ድምፅ መሰላችሁ? የምንይችል ነው። መጋዘኑ ውስጥ የጮኸው ድምፅ፣ የጮኸው ስም! ሱራፌል ወዳጁ ይቅር ያለው መሰለው። «አቤት ወንድሜ!» አለ። ደስታው ከድምፁ ይሰማ ነበር። ከዚያ ድንጋዩ ወደቀ።

ጠዋት ድንጋዩ ደጃፉ ላይ ነበር። ሱራፌል የለም። ሰው «አፍሮ አገር ጥሎ ሄደ» አለ። ድንኳን ተተክሏል፣ በሬ ታርዷል፣ ሠርግ አይቀር። ምንይችል ሙሽራዋን ውባለምን አምጥቶ ቤቱ አስገባ። እንግዳው ተሸኝቶ ሄደ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ በሩ ተንኳኳ። «ምንይችል! ክፈትልኝ!»

ውባለም ብድግ አለች። «የሱራፌል ድምፅ ነው! ይኸው አልጠፋም፣ ልክፈትለት።»

ምንይችል እጇን ያዛት። «እሱ አይደለም።»

«በዓለማዊ ስምህ እኮ ነው የጠራህ! ያ ነገር ይህንን ስም አያውቀውም ብለኸኝ አልነበር?»

«አሁን ያውቀዋል። ትናንት ሱራፌል እዚህ ቆሞ ሲለምነኝ ሰምቷል።»

ውባለም አየችው። «ትናንት የጠራህ ራሱ ሱራፌል እንደሆነ አውቀህ ነበር?»

ምንይችል አንገቱን ደፋ። «አውቄ ነበር።»

«አውቀህ ነው ያልከፈትክለት?»

«እሱስ እኔን አሳልፎ ሰጥቶኝ የለ?» አለ።

ውባለም እጇን ከእጁ አወጣች። ይህንን ነው ያገባሁት? አለች በልቧ። ነጠላዋን አንስታ ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። «ውባለም! ውባለም፣ ስሚኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አልዞረችለትም። ያለቅስ ጀመር፣ እሷም ታለቅሳለች።

ከዚያ ከጀርባዋ «ውባለም» የሚል ሰማች። ለስለስ ያለ ነው። የባሏ ድምፅ ነው። ምንይችል ግን አፉን አልከፈተም።

ውባለም እናቷ በወግ ያሳደገቻት ልጅ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ በስሟ ስትጠራ ምን ትላለች? እናንተስ ስትጠሩ ሳታስቡት ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድን ነው?

«አቤት» አለች።