ባዶው ክሊፕ ያነበበው

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በዐይኔ በብረቱ ያየሁትን አልክድም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጀርባዬን ትጠብሰኛለች። የምሠራው የሕመምተኛን ኦክስጅን የሚለኩ ማሽኖች የሚሠሩበት ቢሮ ነው። ማሽኑ ጣት ላይ የምትነክስ ትንሽ ክሊፕ አለችው። ስክሪኑ ዘጠና አምስት ካለ ደህና ነው። ሰማንያ ካለ ሩጡ ነው።

ያን ቀን አባባ ሆስፒታል ተኝቷል። ጣቱ ላይ ያለው ክሊፕ የእኛ ነው፤ ማሽኑ ላይ አዲሱን ፕሮግራም የጫንነው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ሌላ ማሽን አለ። ክሊፑ ማንንም አልነከሰም።

ስክሪኑ ግን... መቶ ይላል።

"ችኩሌ፣ ና እስቲ!"

ችኩሌ አብሮኝ ኮድ የሚጽፈው ልጅ ነው። እውነተኛ ስሙን የረሳነው ይመስለኛል።

"ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ" አለ እየሳቀ።

"ክሊፑ ባዶ ነው። ለምን አይጮህም?"

ሳቁ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚነበበው ቁጥር ከዜሮ እንዳያንስ፣ ከመቶም እንዳይበልጥ፣ ሁለት ትእዛዞች ይጠብቁታል፦ ትልቁን ምረጥ፣ ትንሹን ምረጥ። ክሊፑ ከጣት ሲወልቅ ግን የሚመጣው ነገር ቁጥር አይደለም። ከምንም ጋር ቢያወዳድሩት አይበልጥም፣ አያንስም፣ እኩልም አይሆንም። ያኔ ማሽኑ መጮህ አለበት።

"ምን ነካክተሃል?"

"ኮምፓይለሩን... 'አፍጥን' ብዬዋለሁ። ትንሽ እንዲቀለጥፍ ብዬ።"

ኮምፓይለሩ እኛ የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። አፍጥን ሲሉት፣ ቁጥር ያልሆነ ነገር መቼም አይመጣም ብሎ ያምናል። የትኛውን ከየትኛው አስቀድሞ እንደሚያወዳድር እንዳሻው ያገላብጣል። ሲገላብጠው ያ ባዶ ነገር ይጣልና መቶው ይተርፋል።

ማንም የሌለበት ክሊፕ... ፍጹም ጤነኛ።

አባባ ጋ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ።

"እትዬ፣ አባባስ?"

"ኧረ ደህና ነው! መቶ ይላል። ለጥ ብሎ ተኝቷል።"

"ክሊፑ ጣቱ ላይ ነው?"

አንሶላውን ስትገልጥ ሰማሁ።

"እትዬ!"

"...አንሶላው ላይ ወድቋል።"

"ነርሷን ጥሪያት! አሁኑኑ!"

ሩጫ ሰማሁ። "ከንፈሩ ጠቁሯል!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባባ ከሞተ የገደልነው እኛ ነን፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ችኩሌ ያቺን "አፍጥን" አጠፋት። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ማሽን ላይ ጫነው። ማሽኑ ጮኸ። በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ አሳየ። እፎይ አልን።

ከዚያ... ጩኸቱ ቆመ።

ሰባ ስምንት።

ማሽኑ ከራሱ ቁጥር አይፈጥርም። ትልቁንም ትንሹንም ምረጥ ቢሉት፣ ከሰጡት አንዱን ይመልሳል እንጂ። ይህን ማን ሰጠው?

"ሌላ ማሽን አምጥተው አደረጉለት" አለች እትዬ በስልኩ እያለቀሰች።

"ስንት ይላል?"

"ሰባ ስምንት። ወይኔ... ሰባ ስድስት አለ!"

ጠረጴዛዬ ላይም ሰባ ስድስት አለ።

"ንቀለው" አልኩት ችኩሌን።

የክሊፑን ገመድ ከማሽኑ መዥረጥ አድርጎ ነቀለው። ቁጥሩ አልጠፋም።

"ነቅዬዋለሁ..." አለ በሹክሹክታ። "እይው፣ እጄ ላይ ነው ገመዱ።"

"ዘጠና!" እትዬ ጮኸች። "ዘጠና አምስት! ተመስገን! ዐይኑን ገለጠ!"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አባባዬ ተረፈልኝ። ለችኩሌ ልነግረው ዞር ስል፣ ዐይኑ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ስክሪን ላይ ፈጧል።

ስልሳ። ሃምሳ ሁለት።

"ያው፣ አናግሪው" አለች እትዬ፤ ስልኩን ለአባባ ሰጠችው።

ትንፋሹ ተሰማኝ። ረጋ ያለ፣ የጤነኛ ሰው ትንፋሽ ነው።

"አባባዬ?"

"ማን ልበል?" አለ።

ድምፁ የአባባ ነው። አባባ ግን ገና "ሄሎ" ብዬ ሳልጨርስ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ነው።

ስክሪኑ ላይ አርባ።

ክሊፗ ባለ ስፕሪንግ ናት። ባዶዋን ስትሆን ግጥም ብላ ትዘጋለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ጠረጴዛው ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ፣ በጣት ውፍረት አፏን ከፍታ... ትንቀጠቀጣለች።