በቅዳም ሹር የተቀዳ ሻይ

የክሊኒኩ መዝገብ ያዥ አማረች ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ሞታ ተገኘች። ጠዋት ቄሱ የሰጧት ቄጤማ ገና ከራሷ አልወረደም። አጠገቧ እስከ ግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ። ዕለቱ ቅዳም ሹር ነው፤ ክሊኒኩም ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለ ትንሽ ቤት።

ሻይ የምታፈላው ነርሷ ወለላ ናት፤ ታዲያ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ቢቀሰር ምን ይገርማል? ፖሊስ በሩን ዘግቷል። ወለላ ፋሲካን እስር ቤት ልውል ነው እያለች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ኢንስፔክተር ምንዳዬ መጣች። ቀጭን ሴት ናት፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም።

«ሻዩን ማን ቀዳላት?»

«ለእሷ አልቀዳሁም፤ ለዶክተር አምሐ ብቻ ነው» አለች ወለላ።

«የኔንማ ጠጥቼ ጨርሻለሁ» አለ ዶክተሩ። «ሦስት ሰዓት ላይ ሳልፍ አማረች የራሷን ፉት ስትል በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ወለላና አማረች ሰሞኑን ተኳርፈው ነበር» ሲል የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ይበልጣል ጨመረ።

ምንዳዬ የሟቿን እጅጌ ገልጣ ክንዷን አየች። ቦርሳዋንም ፈትሻ ለአዳዲስ ታካሚዎች የሚታደለውን ወረቀት አወጣች፤ «ዶክተር አምሐ፣ የልብ ስፔሻሊስት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት የውጭ አገር ልምድ።» ወለላ ያንን ወረቀት ታውቀዋለች። ትክል ድንጋይ ከተማ ለሚኖሩት የልብ ሕመምተኛ አባቷ «ሸጋ ሐኪም ነው» ብላ የሰጠችው እሷው ናት።

ምንዳዬ ውጭ ወጥታ ስልክ ደወለች። ስትመለስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«የአማረችን የንስሐ አባት ጠየቅኋቸው። አክፋይ ናት፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልቀመሰችም። ጾሟን ለሰው አትናገርም። እንግዲህ ሻይ ስትጠጣ ማን አያት?»

ወደ አምሐ ዞረች።

«ዶክተር፣ በሁዳዴ ሌላው ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ይጠጣል። ይቺ አንዷ ቅዳሜ ግን ትለያለች፤ እርስዎ ረስተዋታል። ክንዷ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ደም ልመርምር ሲሏት አምናዎት እጇን ሰጠችዎት፤ እርስዎም መርዝ ወጓት። ከዚያ ወለላ የቀዳችልዎትን ሻይ ግማሽ ደፍተው ፊቷ አኖሩት፤ ብርጭቆው የወለላ አሻራ አለበት።»

«ነርስም መርፌ ትወጋለች» አለ ዶክተሩ።

«ትወጋለች። ሻይ ስትጠጣ አየሁ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት።» ምንዳዬ ወረቀቱን ገለበጠችው። «አማረች ይህን እንደገና ልታሳትም ስትል ተማርኩበት ወዳሉት ዩኒቨርሲቲ ደውላ ነበር። ጀርባው ላይ "በዚህ ስም የተመረቀ ሐኪም የለም" ብላ ጽፋለች።»

አምሐ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «እስከ ፋሲካ ታገሺኝ ብዬ ለምኛት ነበር» አለ።

በሩ ተከፈተ። ወለላ ግን አልወጣችም፤ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ያንን ዶክተር አምሐ ያዘዘልዎትን ክኒን ዋጡት?»

«ምነው ልጄ፣ በቅዳም ሹር ክኒን ይዋጣል? አክፍያለሁ እኮ።»

ወለላ እንባዋ ወረደ።

«ጾሙ ሲፈታ ግን እውጠዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሸጋ ሐኪም ነው ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»