ሉጥፍ የተወረወረበት ሰገነት

የሞተን ሰው ለምን ይወረውሩታል?

ሻምበል ሙጠሀር አል-ሐይሚ ከአስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጥያቄውን አገላበጠው። ሉጥፍ አል-ኩሕላኒ ከአባቱ ቤት ሰገነት ስድስት ፎቅ ተምዘግዝጎ በጠባቧ የሰንዓ መንገድ ላይ ተደፍቷል። እግሮቹ ያለ ቦታቸው ታጥፈዋል። የገደለው ግን ውድቀቱ አልነበረም። ሁለቱ ዓይኖቹ በብረት ተወቅጠው ጠፍተዋል፤ ግንባሩ ተከፍቷል። ደሙ በሸሚዙ ላይ ቁልቁል እስከ ወገቡ ወርዷል። ቆሞ ሳለ የፈሰሰ ደም ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ከአንድ እፍኝ አይበልጥም።

«ገዳዩን ይዘነዋል» አለ ሃምሳ አለቃ ጀዕፈር ከኋላው። «ዓወድ የሚባለው የካሜራ ዕቃ ተሸካሚ። ደም በደም ሆኖ ሬሳውን ታቅፎ አገኘነው።»

«አመነ?»

«ገና ሦስት ጥርስ ነው የለቀመው። ቀሪዎቹ ሲረግፉ ያምናል።»

«ቀሪዎቹን ተውለት። በምን ይናገር?»

ሉጥፍ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓለምን እየዞረ የታወቁ ሕንፃዎችን ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነበር። የሳማርካንድን ጉልላቶች፣ የቲምቡክቱን የጭቃ መስጊዶች፣ የኢስታንቡልን ምናሬቶች አንስቷል። የተወለደባትን ከተማ ማንሳት የጀመረው ግን አምና ነው፤ ዘንድሮ ሊጨርስ ተመልሶ መጣ። ዕቃውን የተሸከመለት ዓወድ አባቱ የመናዊ፣ እናቱ የድሬዳዋ ሴት ናት፤ ዋስ የሚቆምለት ጎሳ የለውም። በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሃያ የኩሕላኒ ወንዶች ጠመንጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ቃላቸው አጭር ነበር፤ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ዓወድን ራሳቸው ገብተው ያወጡታል። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ፖሊሶች ስምንት ናቸው።

ሙጠሀር ደረጃውን «አላህ፣ አላህ» እያለ ወጣ፤ ሴቶቹ ሰምተው ገለል እንዲሉ። ቡዳፔስት በተማረባቸው ስድስት ዓመታት እንኳ ደረጃ ሲጀምር አፉ ይህንኑ ሊል ይከፈት ነበር።

ሰገነቱ ላይ የካሜራው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ወድቋል፤ አንዱ እግር ተጣሟል፤ ፀጉርና ደም ተጣብቆበታል። የካሜራው ሆድ ተከፍቶ ፊልሙ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። የደሙ ዱካ ወደ ፊት ለፊቱ መንገድ ይሄዳል። እዚያ ያለው ግንብ ደረት ይደርሳል። ከኋላ ያለው ግንብ ግን ከጉልበት አይበልጥም፤ ከሥሩም ሰው የማያልፍበት የጓሮ መንገድ አለ። ገዳዩ አንድ ትልቅ ሬሳ ከፍ ወዳለው ግንብ ጎትቶ፣ አንስቶ፣ ሰው ወዳለበት ወረወረው።

መጀመሪያ ጎረቤቱን ቃዲ ሙሕሲንን አነጋገረ።

«ትናንት ‹ዓይንህን አወጣዋለሁ› ብለውታል አሉ።»

«ብያለሁ። ሰገነት ላይ ቆሞ ግቢዬን ሲያነሳ ዝም ልበለው? ሴት ልጆቼ ልብስ የሚያሰጡት እዚያ ነው።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ገለጡ። ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ሐብሐብ አብጧል። «መስጊድ የምሄደው በሰው ትከሻ ነው። ስድስት ፎቅ ማን አዝሎኝ ወጥቶ ነው የገደልኩት? ተሸካሚዬን ጠይቀው።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ሐሙድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ጩቤውን በጥልፍ ቀበቶው ላይ ሻጥ አድርጓል፤ ከቀበቶው በታች በነጭ ቀሚሱ ላይ አረንጓዴ ነገር ተዝረክርኳል።

«ከጨው ገበያ ስመለስ ያ ተሸካሚ በራችን ሲገባ አየሁት» አለ። «‹አላህ፣ አላህ› እያለ ሲወጣም በጆሮዬ ሰማሁ። ለወንድሜ ዕቃ ሊያደርስ ነው ብዬ፣ ትንባሆ ረስቼ ስለነበር ወደ ገበያ ዞርኩ። ስመለስ ወንድሜ መንገድ ላይ ነው።»

«ቀሚስዎ ላይ ምን ፈሰሰብዎት?»

«ወንድሜ ሞቶ የቀሚሴን ነገር ትጠይቀኛለህ? ፈረንጅ አገር ስድስት ዓመት ያስተማሩህ ይህንኑ ነው?»

ሙጠሀርም አንዳንዴ ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዓወድ በእስር ክፍሉ ጥግ ተኮራምቷል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል።

«ለሉጥፍ እናቱ ሐጃ በሩን ከላይ በገመድ ስበው ከፈቱለት፤ እሱ ገባ። እኔ ውጭ ከአህያዋ ጋር ቀረሁ። ዛሬ መብራት አያስፈልገኝም፣ ፀሐዩ ይበቃኛል አለኝ።»

«ሬሳውን ለምን አነሳኸው?»

«ፊቱን ልይ ብዬ ነው ጌታዬ። አልነበረም።»

የሉጥፍና የሐሙድ እናት ሐጃ ከቲባ ከመጋረጃ ኋላ ሆነው፣ የበሩን ገመድ የሳቡት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። የቀረችው የሐሙድ ሚስት በልቂስ ነበረች። አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው የሚለየው በር በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ጠዋቱን ሙሉ ቂጣ ስትጋግር ነበር። ከውስጠኛው ክፍል ሆና መለሰችለት።

«ሉጥፍ አልፏል። ሲጣራ ሰምቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።»

«ከእሱ በኋላስ?»

«ባዕድ አላለፈም።»

ሙጠሀር በምድጃው አጠገብ ያለውን ቅርጫት አነሳ። ቂጣዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጨርቅ ላይ ደረደረ፤ ጀዕፈር ሻምበሉ ርቦታል ብሎ ፈገግ አለ። ሙጠሀር ከጋገረችው ሁሉ አንድም አልቀመሰም። ሲጨርስ የሸክላውን ምድጃ ክዳን አንስቶ ወደ ውስጥ ተመለከተና «ሰዎቹን ሰብስባቸው» አለ። «የጎሳውንም ሽማግሌዎች ጥራ። እነሱ ካልሰሙ ዓወድ በሕይወት ከጣቢያው አይወጣም።»

በላይኛው የእንግዳ ክፍል ተሰበሰቡ። ቃዲው በሰው ትከሻ መጡ። ሽማግሌዎቹ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዓወድ በካቴና ታስሮ በሩ ሥር ተቀመጠ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ ነበሩ።

«ሐሙድ፣ ዓወድ ‹አላህ፣ አላህ› እያለ ሲወጣ ሰማሁ ብለዋል» ሲል ጀመረ ሙጠሀር። «ባዕድ ወንድ እንዲህ እያለ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ማንም አይጠራጠርም። ግን ባዕድ ሲጣራ ማድ ቤት ያለችው ሴት ምን ታደርጋለች?»

«ትገባለች» አሉ ቃዲው።

«ምድጃው ላይ የለጠፈችው ቂጣስ?»

«ያርራል እንጂ ምን ይሆናል? እኔ በዚህ ስንት ቁርስ ቀርቶብኛል።»

አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቁ። ሙጠሀር ቅርጫቱን መሐል ላይ አስቀመጠ።

«ቅርጫቱ ከሥር ወደ ላይ ጠዋቱን ይነግረናል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደህና ናቸው። ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ከሰል ሆነዋል። ይህ ሉጥፍ የወጣበት ሰዓት ነው፤ የባል ወንድም ስለሆነ ተጣርቷል። ከዚያ በላይ ዐሥራ ሁለት አሉ፤ አንዱም አላረረም። ምድጃው ውስጥ ደግሞ ሦስት አመድ የሆኑ ቀርተዋል፤ ሬሳው ሲወድቅ ሴቶቹ ወደ መስኮት የሮጡበት ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ማንም አልተጣራም።»

«ሳይጣራ ሾልኮ ወጥቶስ ቢሆን?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ማድ ቤቱ በር የለውም። ባዕድ ወንድ ፀጉሯ እንደተገለጠ ቢያያት ጩኸቷ እናንተ መንደር ይደርስ ነበር። አልጮኸችም፤ ከምድጃዋም አልተነሳችም። በልቂስ የማትነሳለት ወንድ በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።»

የሳቀ አልነበረም። ሐሙድ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ሲወጡ ንጹሕ ነበሩ ሐሙድ። ሐጃ የፊቱን በር የከፈቱት አንዴ፣ ለሉጥፍ ብቻ ነው፤ በኋላ በኩል ያለው የጋጣ በር ቁልፍ ግን እርስዎ ዘንድ ነው፤ በዚያ ገብተው በሚስትዎ አጠገብ አለፉ። ሲወርዱ ግን እስከ ወገብዎ በደም ተነክረዋል፤ በእሷ ፊት ማለፍ አይችሉም። ስለዚህ ሬሳውን ወደ ፊት ለፊቱ መንገድ ወረወሩት። ሴቶቹ ወደ መስኮት ሮጡ፤ ደረጃው ባዶ ሆነ። ቀሚስዎን ቀየሩ። ቀበቶውን ግን ሰው ያለ ጩቤ አይወጣምና አጥበው እርጥቡን ታጠቁት፤ የጥልፉ ቀለም ለቅቆ ይኸው ቀሚስዎ ላይ ፈሷል።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ሐሙድ ወገብ ተመለከቱ።

«ለምን?» አሉ ሐጃ ከመጋረጃው ኋላ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር። «ለምን ልጄ?»

«ሰቅሏታል» አለ ሐሙድ። «ሚስቴን ሰቅሏታል። አምና የቤታችንን መስኮቶች አነሳ። አንዱ ፎቶ ቡዳፔስት በኤግዚቢሽን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ የመጣ ሐኪም ጫት ላይ በዐሥር ሰው ፊት ‹የቤታችሁ መስኮት ያምራል፤ ከኋላው ያለችው ደግሞ ትበልጣለች› አለኝ። ሉጥፍን ጠየቅሁት። ‹እኔ ያነሳሁት መስኮቱን ነው፤ ሰው መኖሩንም አላየሁም› አለ። አውርደው አልኩት። ‹በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ እሱ ነው፤ አላወርደውም› አለኝ። ካላየባቸው እነዚያ ዓይኖች ምን ያደርጉለታል?»

ከዚያ ተነሳ። ጩቤው ከሰገባው ሲወጣ ያየው የለም ማለት ይቻላል። የሄደው ወደ ሙጠሀር አልነበረም፤ ወደ መጋረጃው ነበር። ሙጠሀር ስለቱን በባዶ እጁ ያዘ፤ ብረቱ መዳፉን እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው። ጀዕፈር በጠመንጃ ሰደፍ የሐሙድን መንጋጋ ሲመታው የአጥንቱ ስብራት በክፍሉ ተሰማ። መጋረጃው ደም ተረጭቶበትም አልተነቃነቀም።

ዓወድ ካቴናው ሲፈታለት ማንንም አላመሰገነም፤ አህያዋን ፈልጎ ሄደ።

ሙጠሀር የተሰነጠቀ መዳፉን ሲያሰፋ ያሰበው ስለ ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት የበልቂስን ነገር የሚያውቁ ዐሥር የጫት ወዳጆች ነበሩ። እሱ ሰው ሰበሰበ፣ አስረዳ፤ አሁን የባሏና የእሷ ሁለት ጎሳ ያውቀዋል። ዓወድን ለማዳን ሌላ መንገድ ነበረ? ወይስ ቂጣዎቹን ሲደረድር ትንሽ ደስ ብሎት ነበር?

በማግስቱ የበልቂስ ወንድሞች በጭነት መኪና መጥተው ወሰዷት። ታላቅየው ሙጠሀርን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ያ ፎቶ አሁንም ተሰቅሏል?»

«አስወርደዋለሁ።»

«እስኪወርድ እኛ ዘንድ ትቆያለች። መውረዱን በጽሑፍ አምጣልኝ፤ ያኔ ከአጎቶቼ ጋር የምከራከርበት ነገር ይኖረኛል። ካልወረደ ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ከደሟ አልመልሳቸውም።»

ሙጠሀር ወደ ቴሌ ቢሮ ሄዶ በታሰረ እጁ በሀንጋሪ ቋንቋ ጻፈ። የቋንቋው ሰዋስው ከትዝታው ሸሽቶት ሁለት ጊዜ ቀደደው። ሦስተኛው እንዲህ ይል ነበር፤

«የሰንዓ ፎቶዎችን ለሰቀላችሁ፦ ከመካከላቸው የኩሕላኒ ቤት መስኮት የሚባል አለ። ከመስኮቱ ኋላ ፊት ይታያል። የሕንፃው አካል አይደለችም፤ በሕይወት ያለች ሴት ናት። በሕይወት እንድትቆይ ዛሬውኑ አውርዱትና ማውረዳችሁን ጻፉልኝ። ፎቶውን ያነሳው ሰው ሞቷል፤ ፈቃድ የምትጠይቁት የለም።»

የፋክስ ማሽኑ ወረቀቱን ውጦ መልእክቱ መድረሱን የሚገልጽ ቁራጭ ተፋ። ሙጠሀር በዚያ ሳምንት በየቀኑ፣ በዚያ ወር በየሳምንቱ ቢሮው እየሄደ ጠየቀ። መልስ አልመጣም።