የአስታ ማን ማሽን ለምን ዝም አለ?

«ከዚህ በፊት የት ነበር የሠራሽው?» አለ ፑርና ሻክያ ወንበር እየሳበላት።

«ነፍስ ግድያ።»

«እሱ አዲስ ድርጅት ነው? ሊኑክስ ላይ ነው የምትሠሩት?»

«ሬሳ ላይ ነው የምንሠራው» አለች ሴትዮዋ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ኢንስፔክተር ዲቢያ ታምራካር እባላለሁ። ለሥራ ፈላጊዋ ያስቀዳኸውን ሻይ ግን እጠጣዋለሁ።»

ፑርና ብድግ አለ፤ «አንቺ» ሲላት የነበረውም እዚያው «እርስዎ» ሆነ። እኛ ፓታን ሰፈር አክብሮት እንዲህ ፈጣን ነው፤ መታወቂያ እስኪታይ ብቻ ይዘገያል።

የመጣችበትን ጉዳይ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ሽማግሌው እንጨት ቀራጭ አስታ ማን፣ የዳሻይን በዓል ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ኦክስጅን ከማሽን የሚያመጣለት ቱቦ በአልጋው እግር ተረግጦ ተዘግቷል። ቱቦው ሲዘጋ ማሽኑ መጮኽ ነበረበት፤ የሰማ ጎረቤት ግን የለም። ቤት የነበረችው ምራቱ ሲርጃና ብቻ ስትሆን፣ እሷም ጣራ ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። የሟቹ ታናሽ ልጅ «ጩኸቱ ስለሰለቻት ድምፁን ዘግታ ወጥታለች» ብሎ አመልክቶባታል። ነገ ክስ ሊመሠረትባት ነው።

የማሽኑን ሶፍትዌር የሠሩት ፑርናና ሁለት ሠራተኞቹ ናቸው። አንድ የጋራ ኮድ ይጽፉና፣ ያንኑ ለድሮው ውድም ለአዲሱ ርካሽም ቦርድ፣ ማለትም ለማሽኑ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ እንዲሆን አድርገው ያወጡታል። ማውጣቱን «ቢልድ» ይሉታል።

«ደወሉ ይሠራል» አለ ፑርና። መደርደሪያው ላይ ያለውን ማሽን አብርቶ ቱቦውን ቆነጠጠው። ማሽኑ ጅራቱን እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ። «ሰሙት? ሴትየዋ ዘግታው ነው። ያሳዝናል፤ ግን የእኛ ጉዳይ አይደለም።»

ዲቢያ አመስግና ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ልታነጋግር ወደ ጓዳው ገባች።

መጀመሪያ የመጣችው የደወሉን ኮድ የጻፈችው ሙና ሊምቡ ናት።

«ማዳም፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«በአዲሱ ርካሽ ቦርድ ደወሉ ቢልድ አልሆን ብሎ ነበር። ማዋቀሪያው፣ በየቦርዱ ምን እንደሚገባ የሚያዘው ፋይል፣ የድምፁን ክፍል በድሮው ቦርድ ቦታ ይፈልጋል፤ በአዲሱ ደግሞ ቦታው ሌላ ነው። ጊዜ ስጡኝ ላስተካክለው አልኩ። ከበዓል ስንመለስ ግን ‹አልፏል፣ ተልኳል› ተባለ። እንዴት አለፈ ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

«በዓሉን የት ዋልሽ?»

«ምን በዓል አለኝ? እኛ ሊምቡዎች ቤት ዳሻይን ከቀረ ቆይቷል። በበዓሉ የሚቀባውን ቀይ ቀለምም ከልጅነቴ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ክፍሌ ተኝቼ ፊልም ሳይ ዋልኩ።»

ሁለተኛው፣ ቢልድ የሚያወጣው ሱዲፕ ነበር። ከባርኔጣው እስከ ጫማው የሐዘን ነጭ ለብሷል፤ አባቱ ከሞተ ዓመት አልሞላውም።

«ማዳም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ማዋቀሪያው ላይ ለአዲሱ ቦርድ ደወሉ እንዲቀር ተደርጓል። በኔ ስም፣ በኔ ኮምፒውተር፣ በናቫሚ ዕለት።»

«አንተ ነህ የቀየርከው?»

«አላስታውስም። ግን ስሜ አለ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምሠራውንም አላውቀው።»

«ሌላ ቦታ አንድ ሰው ለማናዘዝ ወር ይፈጅብኛል» አለች ዲቢያ፤ «እዚህ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሁለት። ኮምፒውተርህን ማን ማን ይከፍተዋል?»

«ሦስታችንም። የይለፍ ቃሉን ያወጣው ጋሽ ፑርና ነው።»

ናቫሚ ከዳሻይን ቀኖች የሥራ ዕቃ የሚመለክበት ነው። መኪናው፣ መጋዙ፣ ኮምፒውተሩም ሳይቀር ቀይ ተቀብቶ አበባ ይደረግበትና ያርፋል። የሱዲፕ ላፕቶፕ ክዳን ላይም አንድ ቀይ ነጥብና የደረቀ አበባ አለ። ዲቢያ ክዳኑን ከፈተች። ጥቂት ቁልፎች ላይ ቀይ የጣት አሻራ ደርቋል። በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አየችውና ክዳኑን ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ሲርጃናም መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ሲሏት እንቢ አለች።

ዲቢያ የሟቹን ማሽን ከቢሮው ማሽን ጎን አስቀምጣ የሁለቱንም ቱቦ ቆነጠጠች። የቢሮው ጮኸ። የሟቹ ዝም አለ።

«የሟቹ ማሽን ድምፅ አልተዘጋም፤ መዝጊያውን እዩት። ይቺ ሴት የዘጋችው ነገር የለም። የቢሮው ማሽን የድሮው ቦርድ ነው፤ የሟቹ አዲሱ። በአዲሱ ውስጥ ደወል የሚባል ነገር የለም፤ በናቫሚ አንድ ሰው አስቀርቶታል።»

«ሱዲፕ ነዋ» አለ ፑርና ቀስ ብሎ፤ «ስሙ አለ ተባለ እኮ።»

ሱዲፕ አንገቱን ደፋ።

«ስሙ አለ። ቁልፎቹ ላይ ግን ቀይ አለ። አባቱ የሞተበት ሰው ዓመት እስኪሞላ ቀይ ይነካል እንዴ? ሙና ቤትም በዓሉ የለም። ይህን ኮምፒውተር ከሚከፍቱት ሦስት ሰዎች በዚያ ቀን ጣቱ ቀይ የነበረው ማነው?»

«እኔማ ዕቃውን ሳመልክ ቀባሁት! ሁሉንም ቀብቻለሁ!»

«ክዳኑን ቀባህ። ቁልፎቹ ከክዳኑ ሥር ናቸው። ከቀባህ በኋላ፣ ማረፍ የሚገባውን ዕቃ በዚያው ጣትህ ከፈትከው።»

ፑርና ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ጣቶቹን አየና መዳፉ ውስጥ ሸሸጋቸው።

«በዓሉ ሳያልቅ አስረክባለሁ ብዬ ነበር» አለ። «ለጊዜው ብቻ። በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ… ረሳሁት።»

«የደወሉ ፈተናስ?» አለችው ሙና።

«የቀረ ነገር አይፈተንም» አለ ሱዲፕ በሱ ፋንታ። «ያልተፈተነ ደግሞ አይወድቅም።» ተነሥቶ ስልኩን አወጣ፤ አዲሱ ቦርድ ወደ ገባባቸው ቤቶች መደወል ጀመረ።

ፑርና ወደ ሲርጃና ዞረ። «እህቴ፣ በእግዜር፣ ሰው ልጎዳ ብዬ አልነበረም። ስጨርስ ስክሪኑ ሁሉ ‹አልፏል› የሚል አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ እያየ ማን ይጠራጠራል?»

ሲርጃና የአማቷን ማሽን ከጠረጴዛው አንሥታ ታቀፈችው።

«እኔም ወደ ጣራ ስወጣ በበሩ የማሽኑን መብራት አየት አድርጌ ነበር» አለች። «አረንጓዴ ነበር።»